የቤት አያያዝ ምክር፤ ሥጋ የተበላሸበትን ማቀዝቀዣ ከክፉ ሽታ ስለ ማንጻት

ቤትን በንጽሕና መያዝ የባለቤቱንም የእንግዳውንም ክብር መጠበቅ ነው። በአገራችን ልማድ እንግዳ ወደ ቤት ሲገባ አስቀድሞ የሚቀበለው የቤቱ መዓዛ ነው፤ ቄጠማው ተጐዝጕዞ፥ ቡናው ተቈልቶ፥ ዕጣኑ ጤሶ ሲያገኘው ገና ሳይቀመጥ ደስ ይለዋል። ስለዚህ ክፉ ሽታ የገባበት ቤት ባለቤቶቹን እጅግ ያሳፍራል፤ ከኀፍረትም የተነሣ በችኰላ የሚደረገው ነገር አንዳንድ ጊዜ ከሽታው ይልቅ የሚጐዳ ይሆናል። ዛሬ በዚህ ዓምድ የምንመክረው መብራት ጠፍቶ ሥጋ የተበላሸበትን ፍሪዘር እንዴት ማንጻት እንደሚገባ ነው።

ፍሪዘር የሚባለው የማቀዝቀዣ ሣጥን ዛሬ በትልቁም በትንሹም ከተማ በብዙ ቤት ይገኛል። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ቅዝቃዜ ሲኖረው ሥጋን ለወራት ሳይበላሽ ያቈያል። ነገር ግን ኃይሉ ሁሉ ከኤሌክትሪክ የሚመጣ ስለሆነ መብራት ሲጠፋ ጥቅሙ ወዲያው ይቀንሳል፤ ቈይቶም ጥቅሙ ወደ ጕዳት ይለወጣል። በሩ አጥብቆ የሚዘጋ በመሆኑ ቅዝቃዜውን እንደ ጠበቀ ሁሉ፥ ሥጋው መበስበስ ሲጀምርም ሽታውን አምቆ ይጠብቃል።

ይህ ነገር በላስታ አገር በብርቱ ታይቷል። በሰሜን ኢትዮጵያ በተደረገው ጦርነት ላሊበላ ሐምሌ 29 ቀን 2013 ዓ.ም. በሕወሓት ኃይሎች እጅ ከገባች በኋላ መብራቱም ስልኩም ተቋርጦ ለወራት ቈየ። ከዚያ ሁለት ቀን በኋላ ደግሞ ጾመ ፍልሰታ ገባ። ከሕዝቡም ብዙው ቤቱን ዘግቶ ተሰደደ። ሥጋና ቅቤ በውስጡ እንዳለ ተዘግቶ የከረመ ማቀዝቀዣ ሲከፈት ምን እንደሚገኝበት ለመናገር ብዙ ቃል አያሻም። በዚያ ዘመን ከጠፋው ነፍስና ከፈረሰው ንብረት ጋራ ሲመዛዘን ይህ ጥቂት ጕዳት ነው፤ ሆኖም ወደ ቤቱ ተመልሶ ኑሮውን እንደገና ለሚጀምር ሰው በውድ ዋጋ የተገዛ ዕቃ እንዲድንለት ማወቅ ይገባዋል።

ጦርነት ባይኖርም እንኳ እንዲህ ያለው ጕዳት በጾም ጊዜ በቀላሉ ይደርሳል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ በነዚህ ቀናት በጾመኛ ቤት የሥጋውን ክፍል የሚከፍት ሰው የለም። መብራት በመካከሉ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ጠፍቶ ቢመለስ ሥጋው ይቀልጣል፥ ይበላሻል፥ ከዚያም ተመልሶ ይረጋል። በፋሲካ ዋዜማ የሚከፍተው ሰው ጠንካራና በረዶ የለበሰ ሥጋ አይቶ ደኅና ነው ብሎ ያስባል፤ ነገር ግን የተበላሸው ሥጋ እንደ ገና ስለ ረጋ አልተፈወሰም። ጾመ ነቢያትም እንዲሁ ነው፤ በታኅሣሥ 29 ለገና በዓል ከየአገሩ ወደ ላሊበላ፥ ከዚያም ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ የሚሳለም እንግዳ ይመጣል፤ የላስታም ሰው እንግዳውን ያለ ምግብ የሚሸኝ አይደለም። እንግዲህ የተበላሸውን ከደኅናው መለየት የንጽሕና ነገር ብቻ ሳይሆን የሰው ሕይወት ነገር ነው።

የሽታው ምክንያት ይህ ነው። ሥጋ ሲሞቅ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያ የሚባሉ ረቂቃን ሕያዋን ይበዙበታል። እነዚህ ሥጋውን እየበሉ ሲያፈርሱት ልዩ ልዩ ነገር ይወጣል፤ አንዱ ወገን እንደ አሞንያ የሚሰነፍጥ ነው፤ አንዱ ወገን ከድኝ ጋራ የተያያዘና እንደ ገማ እንቍላል የሚሸት ነው፤ ከስቡና ከቅቤውም እንደ ቈየ ቅቤ የሚመር አሲድ ይወጣል። ከሥጋው የሚፈሰው ፈሳሽ ወደ ሣጥኑ ስንጥቅ፥ ወደ በሩ ጎማና ወደ ውኃ ማፍሰሻው ቀዳዳ ይገባል። የማቀዝቀዣው ውስጥ የተሠራበት ፕላስቲክም ሽታ ይመጣል፤ ስለዚህ በላዩ ቢወለወል ንጹሕ መስሎ ይታይና በነጋታው እንደ ገና ይሸታል።

ከዚህ የተነሣ ሽታን በሽታ መሸፈን ከንቱ ድካም መሆኑን አንባቢዎቻችን ያስተውሉልናል። በሣጥኑ ውስጥ ሽቶ የሚረጭ፥ ዕጣን የሚያጤስም ሰው ሁለቱን ሽታዎች ቀላቀላቸው እንጂ አንዱን አላጠፋም። ከዚህም በላይ አደጋ አለበት። ብዙዎቹ የዛሬ ዘመን ማቀዝቀዣዎች የሚሠሩት በእሳት በሚቀጣጠል ጋዝ ነው፤ ስለዚህ ፍም ወይም የጧፍ እሳት ወደ ውስጡ ማግባት ፈጽሞ አይገባም። አገራችን የወተትን ዕቃ በወይራ ጢስ ማጠን ታውቃለች፤ ይህም ጢሱ ረቂቃኑን ሕያዋን ስለሚያዳክም መልካም ጥበብ ነው። ነገር ግን ለቅልና ለእንጨት የተገባው ለፕላስቲክና ለኤሌክትሪክ ዕቃ አይገባም።

የማንጻቱ ሥራ መጀመሪያ ውኃና ሳሙና አይደለም፤ መጣል ነው። በዚህ ነገር ብዙ ሰው ይከብደዋል። ሥጋ ውድ ነው፤ በረከትን መጣልም ኃጢአት መስሎ ይታያል። ስለዚህ አንዳንዱ ቅመም አብዝቶ በወጥ ሊደብቀው ያስባል፤ አንዳንዱም «ለእኛ ባይሆን ለሠራተኞች ይሁን» ወይም «በቤተ ክርስቲያን ደጅ ለተቀመጡት የኔ ቢጤዎች ይሰጥልን» ይላል። እኛ ግን ይህን አጥብቀን እንቃወማለን። ለራስ ልጅ የማይሰጡትን ለድኻ ልጅ መስጠት ምጽዋት ሊባል አይችልም። የድኻ ሆድ ከባለጸጋ ሆድ ይልቅ መርዝን አይችልም፤ ቢታመምም የሚታከምበት ገንዘብ የለውም። የተበላሸውን መጣል በረከትን መናቅ ሳይሆን ሰውን ማክበር ነው።

መቀቀልም አያድነውም። ከረቂቃኑ ሕያዋን አንዳንዶቹ በሥጋው ውስጥ የሚተዉት መርዝ በፈላ ውኃ አይጠፋም። በላስታ ደግሞ አገሩ ከፍ ያለ ስለሆነ ውኃ የሚፈላው እንደ ቈላው በ100 ዲግሪ አይደለም፤ በላሊበላ ከፍታ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። እንግዲህ ድስቱ ስለ ተንተከተከ ብቻ ምግቡ ነጽቷል ማለት አይቻልም።

የሚጣለውን ከማይጣለው ለመለየት ይህን መስፈሪያ ያዙ። በሩ ሳይከፈት የቈየ ሙሉ ፍሪዘር ለ48 ሰዓት ያህል፥ ግማሹ ባዶ የሆነ ለ24 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይጠብቃል። በረዶ የማይሠራው የማቀዝቀዣው ክፍል ግን 4 ሰዓት ብቻ ይጠብቃል። ሥጋው ገና በውስጡ የበረዶ ቅንጣት ካለበት ወይም እንደ ማቀዝቀዣ የቀዘቀዘ፥ ማለት ከ4 ዲግሪ ያልበለጠ ከሆነ ይድናል፤ መልሶ ማርጋት ወይም በዚያው ቀን መቀቀል ይቻላል። ከ4 ዲግሪ በላይ ሞቆ ከ2 ሰዓት የበለጠ የቈየ ሥጋ፥ ዶሮ፥ ዓሣ፥ ወተትና የተሠራ ወጥ ግን ይጣል። ቀምሶ መፈተን ክፉ ልማድ ነው፤ የሚጐዳው ሁሉ ክፉ ሽታና ክፉ ጣዕም ያለው አይደለምና። «አገሩ ብርድ ነው» ብሎ መታመንም አይገባም፤ የላስታ ሌሊት ቢበርድም ቀን ፀሐይ ሲወጣ ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ በላይ ይደርሳል።

የሚጣለውን በወፍራም ፌስታል ደራርባችሁ አስራችሁ አውጡ። የሚወስደው የከተማ ጽዳት ካለ ለእርሱ ስጡ፤ በገጠር ከሆነ ግን ሥጋውን ከፌስታሉ አውጥታችሁ ከምንጭና ከጕድጓድ ውኃ ርቆ በጥልቅ ጕድጓድ ቅበሩት። በሜዳ የተጣለ ሥጋ ውሻና ጅብ ይጠራል፤ ዝንብ ያፈላል፤ የጎረቤትንም ፍቅር ያቀዘቅዛል።

ከዚህ በኋላ የማንጻቱ ሥራ በተራ ይከተላል።

አንደኛ፤ ማቀዝቀዣውን ከኤሌክትሪክ ሶኬት ንቀሉት። በሩንና መስኮቱን ከፍታችሁ፥ በእጃችሁ ጓንት አጥልቃችሁ፥ በረዶው ካለ በራሱ እንዲቀልጥ ተዉት። በቢላዋ ወይም በሹል ብረት አትፈቅፍቁት፤ ግድግዳው ከተበሳ ጋዙ ያመልጣል፥ ዕቃውም ይበላሻል።

ሁለተኛ፤ መደርደሪያውን፥ መሳቢያውንና የበረዶ መሥሪያውን ሁሉ አውጥታችሁ በሙቅ ውኃና በሳሙና ለብቻ እጠቡ። የመስተዋት መደርደሪያ ገና ቀዝቃዛ ሳለ የፈላ ውኃ ቢፈስበት ይሰነጠቃልና አስቀድሞ ቅዝቃዜው ይውጣለት።

ሦስተኛ፤ የሣጥኑን ውስጥ በሙቅ ውኃና በሳሙና ካጠባችሁ በኋላ በአንድ ሊትር ለብ ያለ ውኃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጣችሁ ጣሪያውን፥ ወለሉንና ማዕዘኑን ሁሉ እሹት። ሶዳ ከስብና ከቅቤ የወጣውን አሲድ ያበርዳል፤ ፕላስቲኩንም አይቧጭርም።

አራተኛ፤ የተሰወሩትን ስፍራዎች አትርሱ። የበሩ ጎማ እጥፋቱ ተገልጦ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይታሽ። የውኃ ማፍሰሻው ቀዳዳ በሶዳው ውኃ ይታጠብ። ከማቀዝቀዣው በስተ ኋላ ከታች የሚንጠባጠበውን ውኃ የሚቀበል ሳሕን ያላቸው አሉ፤ ብዙ ሰው ይህ ሳሕን መኖሩን ስለማያውቅ ውስጡን አሥር ጊዜ አጥቦ ሽታው ከወዴት እንደሚመጣ ያጣዋል። የዓሣ ግማቱ ከወደ አናቱ እንደሚባለው፥ ሽታውን የሚፈልግ ሰው ምንጩን ይፈልግ።

አምስተኛ፤ ረቂቃኑን ሕያዋን ለማጥፋት በ4 ሊትር ውኃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሽታ ያልተጨመረበት በረኪና ጨምራችሁ ውስጡንም መደርደሪያውንም በዚህ ወልውሉት፤ በንጹሕ ውኃም አለቅልቁት። እዚህ ላይ ሁላችሁንም አጥብቀን እናስጠነቅቃለን፤ በረኪናን ከአቼቶ ወይም ከአሞንያ ጋራ አታቀላቅሉ። ሲቀላቀሉ የሚወጣው ጋዝ ሳንባን የሚያቃጥል መርዝ ነው። ይህን ሥራ ለሠራተኛ የምታዙ እመቤቶችም ትእዛዙን ብቻ ሳይሆን ማስጠንቀቂያውንም ጨምራችሁ ንገሩ፤ ጓንቱንም ስጡ።

ስድስተኛ፤ በደረቅ ጨርቅ አድርቁትና በሩን ከፍታችሁ ነፋስ ይግባበት። ሕፃናት ባሉበት ቤት ግን በሩ እንዳይዘጋ በእንጨት ወይም በገመድ ይያዝ፤ ሕፃን በጨዋታ ገብቶ ቢዘጋበት ይታፈናልና።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ሽታው ቢቀር ተስፋ አትቍረጡ። እኩል አቼቶና እኩል ውኃ ቀላቅላችሁ ውስጡን ወልውሉና በሩን ለአንድ ቀን ክፍት አድርጉት። ሶዳ ያልቻለውን አቼቶ የሚችልበት ምክንያት አለው፤ ሶዳ አሲዱን ያበርዳል፥ እንደ አሞንያና እንደ ዓሣ የሚሸተውን ግን አቼቶ ያበርደዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ በየተራው ይሥራ፤ በአንድ ሳሕን ቢቀላቀሉ እርስ በርሳቸው ተዋግተው አረፋ ይሆናሉ እንጂ የሚጠቅሙት ነገር የለም።

ቀጥሎም የጋዜጣ ወረቀት ጨምድዳችሁ ሣጥኑን ሙሉት፤ በሩን ዘግታችሁ ለብዙ ቀን ተዉት። ወረቀቱ ርጥበቱንም ሽታውንም ይመጣል። አንብባችሁ የጨረሳችሁት የእኛው ጋዜጣ ለዚህ አገልግሎት ቢውል አንቀየምም፤ ሥዕሎቹን ግን አስቀድማችሁ ቍረጡና አስቀምጡ። ወረቀቱን ካወጣችሁ በኋላ እንደ ገና በአቼቶው ውኃ ወልውሉት። ከዚያም ተቈልቶ የተወቀጠ ቡና ወይም ቤኪንግ ሶዳ በዝርግ ሳሕን አድርጋችሁ ከታች አስቀምጡ። በደቃቁ የተሰበረ ደረቅ ከሰልም፥ እሳት ያልነካው ሲሆን፥ በብዙ ጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ሽታውን ይይዛል። ማቀዝቀዣው ባዶውን ከሠራ በኋላ በሩን ከፍታችሁ አሽቱ፤ ሽታ ከሌለ አንድ ቀን ጠብቃችሁ ምግብ አግቡበት።

ማቀዝቀዣው ብዙ ሳምንት ተዘግቶ ከሰነበተና ፈሳሹ በስንጥቅ ገብቶ በግድግዳው መካከል ያለውን የሙቀት መከላከያ አረፋ ካራሰ ግን፥ ከዚያ የሚያወጣው ጥበብ የለም። ይህ በባለጸጋውም አገር ይደርሳል። በነሐሴ 1997 ዓ.ም. (እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2005) ካትሪና የተባለው ዐውሎ ነፋስ በአሜሪካ የኒው ኦርሊንስን ከተማ ባጠፋ ጊዜ፥ ሕዝቡ ለብዙ ሳምንት ከቤቱ ርቆ ሰነበተ፤ ሲመለስም ማቀዝቀዣው ሁሉ የማይከፈት ሆኖ አገኘው። በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ ማቀዝቀዣዎች በሮቻቸው በፕላስተር ታሽገው በየመንገዱ ዳር ተደርድረው ይታዩ ነበር። እንዲህ ያለውን ሣጥን ለማያውቅ ሰው መሸጥ ማታለል ነው፤ ይልቁንም የበርበሬና የእህል ማስቀመጫ ለማድረግ እንኳ አይሆንምና ይወገድ።

አሁን ደግሞ ጕዳቱ ሳይደርስ ስለሚደረገው ጥንቃቄ እንናገር፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና። ከላሊበላ በስተ ሰሜን ምሥራቅ በዋሻ ውስጥ የታነጸችው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን፥ ከላሊበላ በፊት በነገሠው በካህኑ ንጉሥ ስም የምትጠራ፥ በአክሱም አሠራር እንጨትና በኖራ የተለበጠ ድንጋይ እየተፈራረቀ የተሠራች መሆኗ የታወቀ ነው። ከእርስዋ በስተ ኋላ በዋሻው ውስጥ የብዙ ሰዎች ዐፅም ተጋድሞ ይገኛል፤ ከእነርሱም የአንዳንዶቹ ቆዳና ልብስ ደርቆ እስከ ዛሬ ይታያል። ቅዱሱን ስፍራ ከጓዳ ነገር ጋራ ማስተካከላችን አይደለም፤ ነገር ግን የሚሳለመው ሰው ሁሉ በዓይኑ የሚያየው አንድ እውነት አለ፤ ድርቀትና ነፋስ ባለበት መበስበስ ይዘገያል፥ ርጥበትና ሙቀት በታመቀበት ግን ይፈጥናል።

አባቶቻችንና እናቶቻችን ይህን አውቀው ሥጋውን ቀጥነው ዘልዝለው፥ ጨውና በርበሬ ነስንሰው፥ ነፋስ በሚያገኘው ስፍራ ሰቅለው ቋንጣ አደረጉት፤ ቅቤውንም አንጥረው ውኃውን አስወጡለት። እነዚህ ጥበቦች መብራት አይጠይቁም። ስለዚህ መብራት በሚመላለስበት አገር የሚኖር ቤተ ሰብ ሥጋውን ሁሉ ለማቀዝቀዣ አደራ አይስጥ፤ ከፊሉን ቋንጣ ያድርግ። በቅበላ ጊዜም፥ ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት፥ ማቀዝቀዣውን ከሥጋ ባዶ አድርጎ አጥቦ ቢያደርቀው ለነፍሱም ለጓዳውም ይበጃል።

በፍሪዘሩ ባዶ ቦታ ውኃ የተሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ፥ እስከ አፉ ሳይሞላ፥ አስገብታችሁ አርጉት፤ መብራት ሲጠፋ ይህ በረዶ ቅዝቃዜውን ያስረዝማል። መብራት በጠፋ ጊዜ በሩን ደጋግማችሁ አትክፈቱ፤ ዕቃውን ከሶኬት ንቀሉት፥ ኃይሉ በድንገት ሲመለስ ሞተሩን እንዳያቃጥለው። ከቤት ርቃችሁ የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ በአንድ ብርጭቆ ውኃ አርግታችሁ በበረዶው ላይ ሳንቲም አኑሩበት። ስትመለሱ ሳንቲሙ ከላይ ካለ በረዶው አልቀለጠም፤ ወደ ታች ሰጥሞ በበረዶ ውስጥ ካገኛችሁት ግን በሌላችሁበት ጊዜ ቀልጦ እንደ ገና ረግቷልና ሥጋውን ጣሉ። ይህ ምስክር ሐሰት አይናገርም፤ ዋጋውም አንድ ሳንቲም ነው።

እንግዲህ ያልነው ሁሉ ሲጠቀለል እንዲህ ነው። የተበላሸውን ሳታመነቱ ጣሉ፤ ምንጩን ፈልጋችሁ እጠቡ፤ አድርቁ፥ ነፋስ አግቡ፤ ከዚያ በኋላ ዕጣኑን በሣጥኑ ውስጥ ሳይሆን በእልፍኙ መካከል አጢሱት። እንግዳው ሲገባ መልካሙ መዓዛ ክፉውን የሚሸፍን ሳይሆን የነጻውን ቤት የሚያስመሰግን ይሁን።